በክር የወረደው ውሃ

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከገረሴ ደጋ የመጣ ማር ይዛልኝ መጣች። ክዳኑን ከፈት ሳደርገው ያ የደጋ ሽታው፣ ጭስ ጭስና አበባ አበባ የሚለው፣ ቢሮውን ሞላው። ባልደረባዬ ቅመሺው እያለች ትጎተጉተኛለች፤ እኔ ግን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ሰባተኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ተመልሼ ተቀምጬ ጉንጬ ይግላል። የማፍርበት ነገር አለኝ።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ቲቸር አስራት ከጎጃም መጥቶ የእኛን ሙቀት ያልለመደ፣ ገና በጠዋቱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ የሚጣበቅ ቀጭን ወጣት ነበር፤ በዓይን ያልታየ ነገር ገባኝ አይባልም የሚል አመልም ነበረው። መሬት ከውስጥ ድርብርብ ናት፣ መሃሏ ከባዱ ኮር፣ በላዩ ማንትል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እኛ የምንረግጠው ስስ ቅርፊት ነው ሲለን ግራ ተጋብተን ስላየነው ማር፣ ውሃና ዘይት አምጡ አለን። ቀስ ተብለው ከተፈሰሱ እፍጋቱ የበለጠው ከታች፣ ያነሰው ከላይ ይቀመጣል፤ መሬትም ገና ቀልጣ ሳለች ከባዱ እየሰመጠ፣ ቀላሉ እየተንሳፈፈ ነው እንዲህ የሆነችው አለ። ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ እሱም የሚሆን ብርጭቆ ሲያጣ ከጎረቤቱ ጠጅ ቤት ትልቅ ብርሌ ተውሶ መጣ። ግማሹ ክፍል ሳቀ፣ የጴንጤ ልጆች ደግሞ አንገታቸውን ደፉ።

ውሃውን አንዱ ልጅ ከአባያ ሐይቅ ቀድቶ አመጣ፤ የአባያ ውሃ ቀይ ነው፣ ቢያሳድሩትም አይጠራም፣ ስለዚህ ለማየት ይመቻል። ማር ያመጣነው ግን ሁለት ነበርን፣ እኔና ምንታምር። ምንታምር ከጎኔ የምትቀመጥ፣ ሙዟን ለሁለት ገምሳ የምታካፍለኝ ጓደኛዬ ናት። ቲቸር የእኔን በማንኪያ ቢያነሳው ጠብ ጠብ አለ፤ እናቴ ከየት እንደገዛችው እንጃ፣ ስኳር ሳይነካው አልቀረም። የምንታምር፣ አጎቷ ከገረሴ የላኩት፣ ከማንኪያው አልወርድ ብሎ ተንጠለጠለ። የእኔን ክፍሉ ሁሉ እያየ መለሰልኝ። በቃ፣ ቅናት አንጀቴን በላው።

ሙከራውም አልሠራም። ቲቸር ውሃውን በብርሌው ጠባብ አንገት ሲያንቆረቁረው ማሩ ላይ ዘፍ ይልና ሁሉም ይደፈርሳል። ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሳይሳካለት ደወል ተደወለ፣ ነገ እንቀጥላለን ብሎ ላቡን ጠረገ።

ወደ ቤት ስሄድ በምንታምር አባት በጋሽ ባሳ ደጅ ነው የማልፈው። ጋሽ ባሳ የዶርዜ ሸማኔ ናቸው፤ እግራቸውን ከሽመና ዕቃቸው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ከተው ሲሸምኑ ይውላሉ። ጌታን ከመቀበላቸው በፊት ጠጅ ወጣትነታቸውን እንደበላው፣ ቤታቸውንም ሊያፈርሰው ምንም እንዳልቀረው፣ ጸሎት ቤት ቆመው ራሳቸው ሲናገሩ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እኔም ሰምቻለሁ። እንደምን ዋሉ አልኩና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ምንታምር የወሰደችው ማር ብርሌ ውስጥ ገባ፣ ውሃም ተጨመረበት፣ ነገም ይቀጥላል አልኳቸው። አንዲት ውሸት የለበትም። ዘይቱን ብቻ ዘለልኩት። መወርወሪያው እጃቸው ላይ ቆመ።

በማግስቱ ጋሽ ባሳ ምንታምርን አስከትለው፣ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት በጨርቅ ጠቅልለው ሊመልሱ መጡ። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

“ልጄን ጠጅ እንድትጥል አልላክኋትም” አሉ፣ በር ላይ ቆመው።

ቲቸር አስራት መጀመሪያ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ሲገባው ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ አልሳቀም። ወንበር ሰጣቸው፣ ዘይቱን አሳያቸው፣ ስለ መሬት ሆድ ዕቃ አንድ በአንድ አስረዳቸው፣ ከዚያ ውሃውን አፈሰሰና ለሦስተኛ ጊዜ አደፈረሰው። ምንታምር ከትምህርት ቤት ከወጣች ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ጋሽ ባሳ ግን የቲቸርን እጅ ነበር የሚያዩት። የሚሠራ ሰው የተበላሸ ሥራ አይቶ መቀመጥ አይሆንለትም መሰለኝ፣ ተነሡና ብርሌው ታጥቦ አዲስ ማር እንዲገባበት አደረጉ። ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ረጅም ክር መዘዙ፣ ውሃው ውስጥ ነከሩት፣ ጫፉን በብርሌው አንገት አውርደው ከመስታወቱ ጋር አስጠጉት። ከዚያ የውሃውን ጣሳ ዘንበል ሲያደርጉት የአባያ ውሃ በክሩ ላይ እየተንሸራተተ፣ አንዱ ጠብታ ሌላውን ሳይገፋ፣ ወርዶ ማሩ ላይ ተኛ። ዘይቱንም እንዲሁ። ማሩ ከታች፣ ቀዩ ውሃ በላዩ፣ ዘይቱ ከሁሉ በላይ፤ ክፍሉ ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቶ ያያል።

“ታቹንስ ማን ወርዶ አየው?” ብለው ጠየቁ፣ ማሩን እያመለከቱ።

ቲቸር ማንም እንዳልወረደ፣ ቁፋሮም እንዳልደረሰበት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ እየተለካ በሐሳብ እንደተደረሰበት ነገራቸው። ጋሽ ባሳ ማሩና ውሃው እንዳልተቀላቀሉ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ጠጅ አልነበረም። ከዚያ መጻሕፍቱን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ተቀመጪ” አሏት።

ምንታምር ያኔ እንደተቀመጠች ተምራ ተምራ የውሃ ባለሙያ ሆነች። እኔ ደግሞ በጋሽ ባሳ ደጅ ማለፍ አቃተኝ። ዳገቱን ዞሬ፣ በፀሐይ እየተቃጠልኩ፣ በሌላ መንገድ እሄድ ነበር። አንዳንድ ቀን ገበያ ላይ ሲያገኙኝ፣ ልጄ ምነው ጠፋሽ፣ ትምህርት እንዴት ነው ይሉኛል፤ እኔ ደኅና ነው ብዬ እሮጣለሁ።

አምና ጋሽ ባሳ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ሄድኩ። ሰው ሳሳ ሲል ከምንታምር አጠገብ ቁጭ አልኩና ያን ሁሉ ዓመት የያዝኩትን ነገርኳት። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም።

“ያኔውኑ አባዬ ነግሮኛል” አለችኝ። “ጓደኛሽ ናት፣ እንዳታሳፍሪያት ብሎ ቃል አስገባኝ።”

እኔን ይቅር ካሉኝ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ስሸሻቸው ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ደጃቸው ገብቼ፣ ከጉድጓዱ ጎን ተቀምጬ፣ እየሸመኑ ሲያወሩኝ ሳልሰማ ቀረሁ።