በሜትር የተለካ ሕመም

እትዬ መቀስ የሚለውን ስም ያተረፈላት መቀሷ ሳይሆን ምላሷ ነው። ሠላሳ ዓመት በእግር በሚዘወር የስፌት መኪና ስትሰፋ ቀኝ እግሯ የረገጠው ፔዳል መንገድ ቢሆን ኖሮ፣ ምድርን ሁለት ጊዜ ዞራ ለምሳ ትደርስ ነበር። ሳያቲካ የሚሉት የነርቭ ሕመምም መርጦ መርጦ የያዘው ይህንኑ እግር ነው። ከዳሌዋ ይነሳና በጭኗ ቁልቁል ወርዶ ትንሿ ጣቷ ላይ ሲደርስ እንደ ጋለ ካውያ ይጠብሳታል።

ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚወስን ሰው ነው።

«የቀዶ ጥገና ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ» አላት። «የስፌት መኪናውን የሚወስድም ሰው አግኝቻለሁ። ከእንግዲህ አርፈሽ መቀመጥ ነው!»

«ጋሼ፣ ያመመኝ መቀመጥ፣ መድኃኒቱም መቀመጥ?»

«ቀልዱን ተይው!»

«ሐኪሙ እኮ እግርሽ ከዛለ፣ መቀመጫሽ ከደነዘዘ፣ ሽንት ካስቸገረሽ ሮጠሽ ነይ፤ አለዚያ ስድስት ሳምንት በእንቅስቃሴ ሞክሪ ነው ያለኝ። ስድስት ሳምንት ስጠኝ። ካልተሻለኝ መኪናውንም እኔንም አሸክመህ ውሰድ።»

እያጉረመረመ ተስማማ።

ሐኪሙ የላከባት የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ ልጅ እግር ብትሆንም ትእዛዟ የጄኔራል ነበር። «በሆድዎ ይተኙ። ዳሌዎን ሳያነሱ ደረትዎን በክንድዎ ቀና ያድርጉ። አስር ጊዜ፣ በየሁለት ሰዓቱ። ከሃያ ደቂቃ በላይ እንዳይቀመጡ፤ የሰዓት ደወል ይሙሉ። ፔዳል ለስድስት ሳምንት አይርገጡ። ሕመሙ እግርዎን ለቆ ወደ ላይ ከሸሸ፣ ወገብዎ ቢብስ እንኳ ደስ ይበልዎ።»

የሱቋ ወለል ግን ከመሳቢያ አይሰፋም። የቀራት የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመስኮቱ መስታወት ሥር፣ ከመንገደኛው ፊት ለፊት! ወጣችበት። በመጀመሪያው ቀን መንገዱ ተዘጋ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ዋና ጀመርሽ?» አለ የማዶው ጫማ ሰፊ።

«አዎ፣ ባልዲህን ይዘህ ና፣ ውሃው አንሶኛል!»

ሕመሟን በሜትር መለካት ጀመረች። ከዳሌዋ እስከሚያቃጥላት ቦታ ትለካና በጠመኔ ግድግዳው ላይ ታሰምራለች። የመጀመሪያው መስመር አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆመ። በሦስተኛው ወገቧ እንደ ተቆጣ አማት ይጮህባት ጀመር። ቁልፍ ማስገቢያውን ቆማ በእጇ እየሰፋች ጥርሷን ስትነክስ ወንድሟ ደረሰ።

«ይኸው! ባሰብሽ!»

«ግድግዳውን አንብብ፣ ጋሼ። ጉልበቴ ላይ ደርሷል። እየሸሸ ነው የሚጮኸው!»

በስድስተኛው ሳምንት ማብቂያ ወንድሟ ትከሻው የተተረተረ ኮት የለበሰ ተሸካሚ አስከትሎ መጣ። እሷ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ወንድሟን የሜትሩን ጫፍ አስጨበጠችው።

«ያዝ። ከዳሌዬ ጀምር።»

ለካ። አስራ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ደግሞ ለካ። ያው አስራ ሁለት።

«አሁንም ግን ያምሻል» አለ።

«ያመኛል። ለአስራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ግን እኔ እንኳ መቀስ አላነሳም፤ ሐኪም ቢላ ያንሳ?» ወደ ተሸካሚው ዞረች። «አንተ ወንድሜ፣ ኮትህን አውልቅ!»

ተሸካሚው አንዴ መኪናውን አንዴ ወንድሟን አየና አወለቀ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀኝ እግሯን ፔዳሉ ላይ አሳረፈች። መኪናው አንዴ አቃሰተ፣ ከዚያ መንገዱን አገኘ። ትከሻው ተሰፋ፣ ኪሱ ተሰፋ፣ ያልተቀደደውም ለማንኛውም ተደገመ።

ሃያ ደቂቃው ሲሞላ የሰዓቱ ደወል ጮኸ። እትዬ መቀስ ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ወጣችና በሆዷ ተኛች።

«ጋሼ፣ ብርሃን ጋረድከኝ። ስትወጣ በሩን ዝጋው፤ መኪናው ብርድ እንዳይመታው።»