ዝም ያለች ፈቅዳለች

በኛ ቤት ኒካህ ሲታሰር ሁለት ምስክሮች ሙሽሪት ካለችበት ክፍል በር ላይ ቆመው ፈቃዷን ይጠይቃሉ። ታላቅ እህቴን «ወደሽ ነው?» አሏት። ጣቶቼ እስኪንቋቁ እጄን ጨበጠችኝ እንጂ ትንፍሽ አላለችም። ደገሙላት፤ አሁንም ዝም። አክስቴ «ዝም ያለች ፈቅዳለች!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው፤ ቤቱም ተከተላት። እምቢታዋን ያወቀ እጄ ብቻ ነበር። ፈቃድ ይሉታል እንግዲህ!

የኔ ተራ ከዓመታት በኋላ ደረሰ። እኔ ግን ሙሽራዬን፣ ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጠውን ልጅ፣ ከልቤ እወደው ነበር። ምስክሮቹ ጠይቀው ሳይጨርሱ «ወድጄ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። አክስቴ ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

«ምነው አንቺ፣ እፍረት የለሽም? ዝም ብትዪ አይበቃም ነበር?»

እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«አይበቃም» አለቻት።