ከቤይሩት የላክሁት ኦሪጅናል

ከበዴሳ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። እናቴ ሚኒባሱ ድረስ ሸኝታኝ አንድ ብልቃጥ ዳታ በርበሬ ሻንጣዬ ውስጥ ወሸቀችልኝ። እኔም ከሶዶ የገዛሁላትን አዲስ ብርድ ልብስ አስታቀፍኳትና፣ እባክሽ ልበሺው፣ ለእንግዳ ብለሽ እንዳታስቀምጪው አልኳት። እሺ ልጄ አለች። ይኸው አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ብርድ ልብሱ እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ይህን አመሏን እያወቅሁ ነው የሠራሁትን የሠራሁት።

ዳታውን ቤይሩት ኤርፖርት ላይ አንድ ፖሊስ ከፍቶ አሸተተውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምንድነው ሲለኝ «ሜዲሲን» አልኩት። እያስነጠሰ አሳለፈኝ።

የማዳም ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ የዳሞታ ተራራን ነፋስ የለመድኩ ልጅ፣ እዚህ ሙቀቱ ገላ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጣበቃል። ምግባቸው ሎሚ በሎሚ ነው፤ ዳታዬን በጣቴ እየነካሁ አንድ ዓመት አቆየሁት። እንግዲህ የእናቴ ልጅ አይደለሁ!

ባለፈው ክረምት እናቴ ጎዳሬ ስትቆፍር መቆፈሪያው እግሯን መታት። ቁስሉ መገለ። ታናሽ እህቴ ትዕግስት ሶዶ ወስዳ አሳከመቻትና ሐኪሙ የሰባት ቀን አንቲባዮቲክ አዘዘላት። ትዕግስት የገዛችውን እዚያው ፋርማሲ ውስጥ ሆና በቪዲዮ አሳየችኝ። ተራ ካርቶን፣ እዚያው አገር ቤት የተሠራ። ደሜ ፈላ። እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት የማጥበው እናቴ ርካሽ እንድትውጥ ነው? ስልኩን ለፋርማሲስቱ ስጪው አልኳት።

«እህቴ፣ የሚለየው ካምፓኒውና ዋጋው ነው። ውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ ነው። ዋናው ሳታቋርጥ መጨረሷ ነው» አለኝ ረጋ ብሎ።

ሰውየው የዘረዘረልኝን ሁሉ ሰማሁት፤ አላመንኩትም። ምን ይላል እንግዲህ፣ ያለውን መሸጥ አለበት ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። እናቴ ሦስት ቀን እንደዋጠች ደወልኩላት። ተዪው፣ ኦሪጅናሉን እልክልሻለሁ አልኳት። እሷ ደግሞ የልጇን ቃል ከሐኪም ቃል ታስበልጣለች።

እሑድ እረፍቴ ነው። ሰፈራችን ወዳለው ፋርማሲ ሄድኩ። ባለቤቱ ሸበቶ፣ ተጫዋች ሰው ነው። የመድኃኒቱን ስም ሳሳየው ነጭ ካርቶን አወጣልኝ። ኦሪጅናሉን አልኩት።

«ያው ነው። እናትሽን የሚያድናት በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም አይደለም» አለኝ።

ሐበሻ ስለሆንኩ፣ ሠራተኛ ስለሆንኩ ነው ርካሹን የሚያስይዘኝ ብዬ አሰብኩ። እዚህ አገር ስንኖር ንቀቱን ከመልመዳችን የተነሳ በሌለበትም እናየዋለን። ብሬን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ፣ ስሙ በወርቃማ ቀለም የተጻፈውን፣ ውዱን ገዛሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀብረር ብዬ ነው የወጣሁት።

ወደ አገር የምትመለስ የአረካ ልጅ አገኘሁና ሰጠኋት። እናቴ እጅ እስኪደርስ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። በመሃል እናቴ ምንም አልዋጠችም፤ ኦሪጅናሉን እየጠበቀች ነበር።

በዚያው ሰሞን የማዳም ትንሹ ልጅ ጉሮሮው አበጠ። ማዳም እኔን አስከትላ እዚያው ፋርማሲ ገባች። ለውሻዋ ምግብ ከፈረንሳይ የምታስመጣ ሴት ናት። ሽማግሌው ሁለቱንም ካርቶን ሲደረድርላት ነጩን አንስታ «ነፍስ ኢሽሺ» አለች፤ ያው ነው ማለቷ ነው። እኔ የናቅሁትን ካርቶን ለልጇ ይዛ ወጣች። ሽማግሌው እኔን አየኝ። ቦርሳዋን ተሸክሜ ተከተልኳት።

ቤት ስገባ ለትዕግስት ደወልኩ። መድኃኒቱ ደርሶ እንደሆነ፣ እናቴ ጨርሳው እንደሆነ ጠየቅኋት።  ትዕግስት አንድ በአንድ ነገረችኝ። ከቤይሩት ዕቃ መጣ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ለደስታ ተሰበሰበ። በእኛ ዘንድ ከውጭ የመጣ ነገር ለብቻ አይያዝም፤ ቅባትም ይሁን ቸኮሌት ለሁሉም ይቀመሳል። እናቴም ወገቤን ላለቻት ሁለት ፍሬ፣ ለሚያስላቸው ጎረቤት ሦስት፣ ለክርስትና እናቴ ደግሞ ለማንኛውም ብላ አንድ ሰጠች። ለራሷ ቁስሉ ሲብስባት ብቻ አንዳንድ ትውጣለች። ውድ ነው፣ ልጄ የላከችው ነው፣ ዝም ብሎ አያልቅም አለች።

ያንን ርካሹን ቢሆን ማንም አይጠይቃትም ነበር። በሰባት ቀን ጨርሳው ጎዳሬዋን በቆፈረች።

አሁን ዱቦ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሙ ቁስሉ አጥንት ሳይነካ አልቀረም ብሏል። ጀምሮ ማቋረጡ ጎድቷታል። ለአዲሱ መድኃኒት እሺ ካላለ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ይቆረጣል። አዲሱም እዚያው አገር ቤት የተሠራ ነው።

ዛሬ ደወልኩላት። በወላይትኛ ነው የምናወራው። ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ቢሆንም መጀመሪያ የጠየቀችኝ በልቼ እንደሆነ ነው።

«እነዚህ የሚሰጡኝን ልዋጥ ወይስ ያንቺን ልጠብቅ?» አለችኝ።

«ዋጪ እማ። አንድም ሳታስቀሪ ዋጪ። ያው ነው።»

ቃሌን ይዛ ጠየቀችኝ።

«ያው ከሆነ፣ ያኔ ለምን ተዪው አልሽኝ?»

ቁጣ የለባትም፤ እንዲሁ ግራ ገብቷት ነው።  አፌን በሻርፔ አፍኜ ሳለቅስ ሰማችኝ መሰለኝ፣ እሷው መልሳ ታጽናናኝ ጀመር።

«አይዞሽ ልጄ። ከላክሽልኝ ሁለት ፍሬ ተርፎኛል። ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጬዋለሁ።»

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሐኪሙ እግሯን አይቶ የሚወስነው ሰኞ ነው።