ከጓዳው በር የማይወጣው ጋን

ካሜራውን የሰጠኝ በሰሜን ተራሮች ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ ምግብ እያበሰልኩለት አብሬው የተጓዝኩ ቱሪስት ነው። በፊልም የሚሠራ፣ ማንገቻው የተበጠሰ አሮጌ ካሜራ ነበር። በከተማችን በደባርቅ ካሜራ ያለው ሰው ዋልያ ያነሳል፤ ካልሆነም ጭላዳ፤ ካልሆነም ሙሽራ። እኔ ሸክላ ማንሳት ጀመርኩ። ምግብ አብሳይ ነኝ፤ ከዋልያ ይልቅ ድስት አውቃለሁ። ጓደኞቼ «ሰው ጠፍቶ ነው?» ይሉኝ ነበር። አልሰማኋቸውም። ግትር ነኝ፤ ግትርነቱንም ከእናቴ ነው የወረስኩት።

ሸክላ አይስቅም፣ ዓይኑን አይጨፍንም፣ ስለዚህ ቀላል ነው ብዬ ነበር። ችግሩ ከባለቤቶቹ ይጀምራል። አንዲት ጎረቤታችንን «ያንን ጥቁር ድስትሽን ላንሳው» ብላት እሺ ብላ ገባች። ቆየች። ስትወጣ ድስቱን በአመድ ፈትጋ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ከጎኑ አበባ የተሳለበት የቻይና ፔርሙዝ ይዛ መጣች። እኔ የፈለግኩት ጥላሸቱን ነበር። «ገመናዬን ለአገር ልታሳይብኝ?» ብላ ተቆጣችኝ። ገበያ ላይ ከዳባት አካባቢ የሚመጡት ሸክላ ሻጮች ደግሞ «ወይ ግዛ፣ ወይ ዞር በል፤ ለዓይን የምንሸጠው የለንም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቢሆንም ዞር አልልም ነበር።

ከሁሉ አብልጬ ማንሳት የፈለግኩት ግን የእናቴን ጋን ነው። እናቴ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችን። ጋኑን አባቴ ገና እንዳገባት ከዳባት ወዲያ ካለ መንደር፣ ከአንድ ወዳጁ ጋር በእንጨት አንጠልጥለው በትከሻቸው ነው ያመጡት። ያኔ ቤታችን አንድ ክፍል ብቻ ነበር። በኋላ አባቴ ጓዳ ሲከፍል ግድግዳውን ከጋኑ ፊት አቆመና ጠባብ በር አወጣለት። የጋኑ ሆድ ከበሩ ይሰፋል። ማንም ግድ አላለውም፤ ጋን የት ይሄዳል? ወደ ግራ እንዳያዘነብል አንድ ጠፍጣፋ ጠጠር ከሥሩ ገብቶለታል። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለው እኛ ቤት ተረት ብቻ አልነበረም።

አባቴ ፎቶ ሳይነሳ ሞተ። በለቅሶ ሌላው ቤተሰብ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ በሚያለቅስበት ሰዓት እኛ ጋቢውንና ዱላውን ይዘን አለቀስን። መልኩ እያደር እየጠፋብኝ ነው፤ ይህ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። ስለዚህ በትከሻው ያመጣውን ጋን ሳላነሳ እንደማልቀር ለራሴ ምያለሁ።

እናቴ ግን እምቢ አለች።

«ፎቶ የሚነሳ ሂያጅ ነው» አለችኝ። «ወይ አገሩን ጥሎ የሚሄድ፣ ወይ ሟች። የኔ ጋን የትም አይሄድም።»

ተደብቄ አነሳሁት። ፊልሙን በአውቶቡስ ረዳት እጅ ጎንደር ፎቶ ቤት ላክኩት። ጥቁር ሆኖ መጣ፤ ፎቶ ቤቱም «ተቃጥሏል» ብሎ መለሰልኝ። አልተቃጠለም፤ ጓዳው መስኮት ስለሌለው ነው። ሌላ ጊዜ በፍላሽ ሞከርኩ። ሆዱ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ወጣች፤ ሌላው ድቅድቅ ጨለማ። ጎረቤቶች ይህን ሰምተው «የጋን ውስጥ መብራት» የሚል ስም አወጡልኝ። ስቄ ተቀበልኳቸው፤ ማታ ግን ተናድጄ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

በዚህ መሀል መንገዱ ሊሰፋና አስፋልት ሊሆን ነው ተባለ። ሰዎች መጥተው ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም የሚፈርስ ቤት ምልክት አደረጉ። ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ተሰጠን። ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃውን ማውጣት ሲጀምር እኛም አወጣን፤ አልጋው ወጣ፣ ሙቀጫው ወጣ፣ እንስራዎቹ ወጡ። ጋኑ ቀረ።

የጓዳውን በር ማስፋት ይቻል እንደሆነ ብለን አንድ አናጢ ጎረቤት ጠራን። በሩን በእንጨት ለካ፣ የጋኑን ሆድ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ። የበሩ መቃን የጣሪያውን ወጋግራ የተሸከመ ነው፤ ከተነካ ግድግዳው ከነጣሪያው ጋኑ ላይ ይወርዳል።

«እመቤቴ» አላት እናቴን፣ «ይስበሩትና ይገላገሉ። እድሜውን ጠግቧል። አሁን እኮ የፕላስቲክ በርሜል አለ።»

«በበርሜል የተጠመቀ ጠላ አንተ ጠጣ» አለችው። «ጋኔ ሳይወጣ እኔ አልወጣም። ግሬደሩ ይምጣ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ ያገኘኛል።»

ቀልድ አልነበረም። በርጩማዋን ጓዳው በር ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ጋኑ መሰበሩ እንደማይቀር ቆርጦልኝ ነበር፤ ይህን ለእሷ መንገር ግን አቃተኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ከመሰበሩ በፊት ማንሳት።

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ መሰላል ተውሼ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ከጓዳው በላይ ያለውን አንድ ቆርቆሮ ምስማሩን በጉጠት ነቅዬ አነሳሁት። ስወርድ ጓዳው ሌላ ጓዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ፀሐይዋ በቀጥታ ጋኑ አንገት ላይ አርፋለች። እድሜዬን ሙሉ ጥቁር ሲመስለኝ የኖረው ጋን ቀይ ነበር፤ ትከሻው አካባቢ ደግሞ የሠሪዋ ጣቶች ያለፉበት መስመር ይታያል። ተንበርክኬ ሳስተካክል እናቴ ከኋላዬ ገባች።

«ኧረግ! ጣሪያዬን!»

ካሜራውን አወረድኩ። ስድቡን ስጠብቅ እሷ ነጠላዋን እንዳጣፋች ወደ ጋኑ ተጠግታ ትከሻውን ዳበሰች፤ ቀና ብላ ቀዳዳውን አየች፤ እንደገና ጋኑን አየች።

«የቀረውንስ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቆርቆሮውን ነዋ። የቀረውን ማን ያወርደዋል?»

የተቆጣች መስሎኝ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ምን ትቀባጥራለህ? ቤቱ ይፈርሳል አላሉም? ታዲያ እኛው እናፍርሰዋ። ጋኑን ከቤቱ ማውጣት ካቃተን ቤቱን ከጋኑ ላይ እናንሳው።»

ይህን ያህል ሰው ሲመክር፣ አናጢው ሲለካ፣ እኔም በብርሃን ስጨነቅ፣ ለማናችንም አልታየንም ነበር። ሁላችንም የምናውቀው ዕቃ አውጥቶ ቤት ማፍረስን ነው። ሮጬ አናጢውን ጠራሁት፤ ሲሰማ ሳቀ፤ ከዚያ ግን መዶሻውን ይዞ ጎረቤቶችን ሰብስቦ መጣ።

ጋኑን በፍራሽና በገለባ ጆንያ አለበስነው። ቆርቆሮው ወረደ፣ ማገሩ ወረደ፣ የውጭው ግድግዳ ተነቀለ። አባቴ ከጋኑ ፊት ያቆመውን ግድግዳ ግን እናቴ በመዶሻ አታስነካም አለች። ወጋግራው ከላይ ስለተነሳለት ጭቃውን በእጃችን እየፈነቀልን አወረድነው። እሷ ጀርባዋን ለጋኑ ሰጥታ፣ ክንዶቿን ዘርግታ ቆማ ነበር፤ አፈሩ ነጠላዋን ሸፍኖት እንኳ አልተነቃነቀችም።

ሲያልቅ ፍራሹን ገፈፍነው። ጋኑ ከነጠጠሩ በጠራራው ብርሃን ብቻውን ቆመ። አጠገቡ ምድጃው፤ ሌላ ነገር የለም።

«በል አንሳው» አለችኝ።

«ፎቶ የሚነሳ ሂያጅ ነው አላልሽም?»

«ቤቴ ሄደ አይደል? እሱን አንሳው።»

«እንግዲያው አንቺም ከጎኑ ቁሚ።»

«እኔ የትም አልሄድም» ብላ ዞር አለች።

አነሳሁ። ፊልሙ እስኪያልቅ አነሳሁ።

ከዚያ ጋኑን በምን እንውሰደው ተባለ። በጋሪ ከሆነ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ይሰነጥቀዋል። በመጨረሻ በሽተኛ የምንሸከምበትን ቃሬዛ አመጣን። ጋኑን አስተኝተን፣ ብርድ ልብስ አልብሰን፣ ተሸክመን በዋናው መንገድ ወጣን። እናቴ ጠጠሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከኋላ ትከተላለች። ያየን ሁሉ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ «እግዜር ይማራቸው» ይላል። አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ቀረቡ።

«ማን ናቸው የታመሙት?»

«ጋን ነው አባ» አላቸው አናጢው።

ቄሱ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር። እናቴን ቀና ብለው አዩና «እግዚአብሔር በሰላም ያግባልሽ» ብለው ባረኳት። እሷም መስቀሉን በአክብሮት ተሳለመች።

ምትክ ቦታው ላይ ከማገርና ከጭቃ በፊት የገባው ጋኑ ነው። ጠጠሩን ከሥሩ አስገባችለትና ቤቱን ዙሪያውን አሠራችው። አናጢው የጓዳውን በር ስፋት ሲጠይቃት ጋኑን ሄዳ አቀፈችው፤ ክንዶቿን እንዳቀፈች ሳታጥፍ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«በዚህ ልክ» አለችው።

ፎቶው ከጎንደር ሲመጣ ጥርት ብሎ ነበር። በመስታወት አስገብቼ ጠላ ጠጪዎች በሚቀመጡበት በኩል ሰቀልኩት። እንግዳ ሰው ሲያየው ግር ይለዋል፤ ጋን ሜዳ ላይ ምን ይሠራል ብሎ ይጠይቃል።

«ሜዳ አይደለም፣ ቤቴ ነው» ትላለች እናቴ። ማንቆርቆሪያዋን ታስቀምጥና ትነሳለች። በሩ እዚህ ጋ ነበር፣ ምድጃው ያው፣ ልጆቹ እዚህ ጋ፣ እያለች በጣቷ መስታወቱ ላይ ታሳያለች። ጣቷ ከፎቶው ጠርዝ አልፎ የአዲሱን ቤት ግድግዳ እየነካ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል።

«እዚህ ጋ» ትላለች፣ «አባታቸው ይተኛ ነበር።»