በሁዳዴ የተጀመረ ዋልዝ

ሴት ልጃችንን ያገባው ልጅ ወላጆች አዲስ አበቤዎች ናቸው። የሠርጉን ፕሮግራም ሲልኩልን «የወላጆች ዋልዝ» የሚል የፈረንጅ ዳንስ አስገብተውበት አገኘነው። እኛ ጎንደር ላይ የሙሽራ ወላጅ ሥራው ወዲያ ወዲህ እያለ «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ማለት ነበር። ባሌ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ አላውቅም ማለት አያውቅም። «ዋልዝማ ቀላል ነው» አለ። በማግስቱ አስተማሪ ሲያፈላልግ አገኘሁት።

አስተማሪው አዲስ አበባ ጥቂት ኖሮ የተመለሰ፣ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ጂም የከፈተ ጎረምሳ ነው። ገና ደረጃውን ወጥተን ሳንጨርስ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ፋዘር፣ ማዘር» አለን። እኔ ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነኝ፤ ሐኪሞቹ እንኳ ቀና ብለው አያናግሩኝም። የልጅ ልጅ ሳላይ አሮጊት ያደረገኝ እሱ ነው።

ሠርጉ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ስለሆነ ልምምዱ ሁዳዴ ላይ ወደቀ። ባሌን ነገሩ ከነከነው። «በጾም ጭፈራ?» አለው። ጎረምሳው ሳያቅማማ «ፋዘር፣ ይሄ እኮ ስፖርት ነው» አለ። የንስሐ አባታችንን ማንም አልጠየቀም። አብረውን የሚማሩት ባልና ሚስቶችም ለየጎረቤታቸው ስፖርት እንሠራለን እያሉ የሚወጡ ነበሩ። ያን ሁዳዴ ጎንደር በስፖርተኛ ተጥለቀለቀች።

የመጀመሪያው ትእዛዝ «ትከሻ እንዳይነቃነቅ» የሚል ነበር። ለጎንደሬ! ሙዚቃው ሲከፈት እግራችን ግራ ገብቶት ቆመ፤ ትከሻችን ብቻውን ሄደ። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅማ ጨርሶ ዘነጋውና እስክስታውን ወረደው። ሁለተኛው ትእዛዝ ወንዱ ወደፊት፣ ሴቷ ወደኋላ ትሂድ የሚል ነው። እሱን እንኳ ያለ አስተማሪም ስንኖረው የኖርን ነን። ያስቸገረን ሦስተኛው ነው፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ ተባልን።

ባሌ ጣሪያውን አየ። መስኮቱን አየ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጡንቻማ ፈረንጅ አየ። ወገቤን የያዘኝም የጋለ ድስት እንደሚያወርድ ሰው በጣቱ ጫፍ ነው። እኔ ሞኟ መጀመሪያ አዘንኩለት። ላይ አርማጭሆ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ እዚያ ባል ከሚስቱ ፊት ፊት ይሄዳል እንጂ እጇን አይዝም። ከተጋባን ጀምሮ መንገድ ላይ የማውቀው ጀርባውን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ ደረጃ የምወጣው ለዋልዙ ብዬ አልነበረም። ሰው ባለበት አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው።

አንድ ቀን አስተማሪው «ጥንድ ቀይሩ» አለ። ለባሌ የደረሰችው የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሚስት ናት። ያ ግንድ የነበረው ሰውዬ ተፈታ! ይሽከረከራል፣ ይስቃል፣ ዓይን ዓይኗን እያየ «ረገጥኩሽ እንዴ?» ይላል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለካ ለእግርም ይሠራል።

በባጃጅ ስንመለስ «ከእሷ ጋር እንዴት ቻልክበት?» አልኩት።

«ምነው፣ እሱማ ጨዋታ ነው» አለኝ። «ካንቺ ጋር ግን ሰው ያየናል።»

የተማረ ሰው ይህን አለ! በቁርባን ያገባትን ማየት ነውር፣ የሰው ሚስት ማየት ጨዋታ። ደሜ ፈላ። ግን ሠርግ ደጃችን ላይ ነበርና ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

የሠርጉ ቀን ዋልዙ ተከፈተ። ከአርማጭሆ የመጡት ዘመዶቹ ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ባሌ ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ወደ እኔ መጣ። እኔም ልነሣ ነጠላዬን አስተካከልኩ። አጠገቤ ሲደርስ «እንግዳ ይቀድማል» ብሎኝ አለፈና የሙሽራውን እናት እጅ ያዘ። አሳምረው ደነሱ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ምን ላድርግ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

የሙሽራው አባት ሲቸግራቸው መጥተው እኔን አስነሡኝ። ዋልዝ የሚል ፕሮግራም የላኩብን እሳቸው ናቸው፤ አንዲት እርምጃ ግን አያውቁም። እግሬን በረገጡ ቁጥር ደንግጠው ፊቴን እያዩ «አመመዎት?» ይሉኛል። እኔም ፊታቸውን እያየሁ እስቃለሁ። እግሬ ተቀጠቀጠ፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሲመሽ ከባጃጅ ወርደን ወደ ቤታችን የምትወስደውን አቀበት ተያያዝናት። ባሌ እንደ ልማዱ ፊት ፊት እየሄደ፣ ዞር ሳይል «ምነው፣ ከሙሽራው አባት ጋር በሰው ፊት እንዲያ መተያየት ምን ይሉታል?» አለኝ።

«ጨዋታ ነው» አልኩት።

ቆመ። ዞረ። መንገዱ ላይ ሰው ይተላለፍ ነበር። እሱ ግን ማንንም ሳያፍር ዓይን ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ።