የቬሊዛር የፊት ጥርስ

ቬሊዛር ትራምፔት ሲነፋ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። መንደሩ ባለበት ኮረብታ ላይ ያለች ሙሽራ ሁሉ ከአባቷ ቤት የወጣችው በእሱ ትራምፔት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ራሱም አሳምሮ ያውቀዋል፤ ትሕትና የሚባል ነገር በደጁ አልፎ አያውቅም። ግን ምን ይደረግ፣ እውነቱን ነው።

የገዛ ልጁ የኮሳና ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ላይኛው የፊት ጥርሱ ከሥሩ መግል ቋጥሮ ተገኘ። ዱሮ ነርቩ ወጥቶ፣ ተሞልቶ፣ ሽፋን የተደረገለት ጥርስ ነው። የትራምፔቱ አፍ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ቬሊዛር እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ከዚያ በፊት አንድ ወር ሙሉ የፕለም ፍሬ አረቄ ሲጉመጠመጥ ከርሟል። አረቄው ድዱን ላጠው እንጂ መግሉ አጠገብ አልደረሰም።

ከንፈሩ አብጦ ለባንዱ ልምምድ ሲመጣ ሁለተኛውን ትራምፔት የሚነፋው ኦብራድ አየው።

«አስነቅለዋ ሰውዬ! ሰው ሠራሽ ይተክሉልሃል።»

«ከንፈሬ የሚያውቀው ይሄንን ነው። በተተከለ ጥርስ አንተ ንፋ!»

ኦብራድ ሃያ ዓመት ከኋላው ቆሞ ተራውን የጠበቀ ሰው ስለሆነ ምክሩ ለጥርሱ ብቻ የታሰበ አልነበረም።

ከተማ ያለችው የጥርስ ሐኪም ዶክተር ግሮዝዳና ራጁን ብርሃን ላይ አድርጋ ብዙ ተመለከተችው።

«ጋሽ ቬሊዛር፣ በጥርሱ በኩል ገብቶ ማጽዳት ከእንግዲህ አይሆንም። ድድዎን ከላይ ከፍቼ፣ መግሉን ጠርጌ፣ የተበከለውን የሥሩን ጫፍ እቆርጥና እደፍነዋለሁ። ጥርሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።»

«እሰይ! ከሠርጉ በኋላ እመጣለሁ።»

«ከሠርጉ በኋላማ የሚመጡት ለማስነቀል ነው። አጥንቱ እየተበላ ነው እኮ!»

«በይ ዛሬውኑ ቅደጂኝ። ለሠርጉ እነፋለሁ አይደል?»

«ለሁለት ወር ትራምፔት ከንፈርዎን አይነካም።»

«አንቺ ልጅ፣ የልጄ ሠርግ ነው!»

«የአንድ ቀን ወይስ የዕድሜ ልክ? ይምረጡ።»

ቬሊዛር የሌላ ሰው ልጆችን ሲሸኝ ኖሮ የራሱን ልጅ በዝምታ ሊሸኝ ነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደግፎ አፉን ከፈተ።

በሠርጉ ዕለት ትራምፔቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዋለ። ከሞራቫ ወንዝ ማዶ የመጡት የሙሽራው ሰዎች አላሳረፉትም።

«አባትየው ትንፋሽ አለቀበት እንዴ?»

ቬሊዛር የአረቄውን ኮዳ ይዞ ሁሉንም እየዞረ እየቀዳ ተቀበለ። ኮሳና ደጁን ተሻግራ ስትወጣ የነፋው ኦብራድ ነበር፤ አሳምሮ ነፋው፣ እግዜር ይንሳውና! ቬሊዛር ከአጥሩ ኋላ ሄዶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በዚያ አገር ሙሽራ በሳምንቷ ባሏን ይዛ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ገበታ ይቀርባል፣ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። ኮሳና ግን አሻፈረኝ አለች።

«አባዬ ሳይነፋ ያንን ደጅ አልረግጥም።»

«ምን ዓይነት እልኸኛ ነው የመጣብን!» አለች አማቷ።

መንደሩ አባትና ልጅ ተኳረፉ እያለ አወራ። ወሬው በሦስተኛው ሳምንት ቬሊዛር ጆሮ ደረሰ። ትራምፔቱን ከግድግዳው አውርዶ ከንፈሩ ድረስ አምጥቶ፣ መልሶ ሰቀለው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከነፋው ሁሉ ይልቅ እኔ የማደንቀው ይቺን ነው።

ሁለት ወር ሲሞላ ዶክተር ግሮዝዳና አዲሱን ራጅ አሳየችው።

«ይኸው፣ አጥንቱ መሙላት ጀምሯል። ጥርሱም ጠንክሯል። ቀስ ብለው ይንፉ።»

ቀስ ብሎ መንፋት ቬሊዛር የት ያውቅበታል! ለኮሳና «ነይ» ብሎ ላከባትና እሁድ ረፋድ ላይ ደጁ ላይ ቆመ። የኮሳና መኪና ከፕለሙ ዛፎች ሥር ሲቆም ትራምፔቱን አነሣ። የመጀመሪያው ድምፅ ተሰነጠቀ። አጠገቡ የቆመው ኦብራድ ሊያግዘው የራሱን ትራምፔት አንሥቶ ነበር፤ የቬሊዛርን ፊት አይቶ አወረደው። ቬሊዛር ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ነፋ። አሁን ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ሰሙት።

ኮሳና ደጁ ድረስ መጥታ ቀጥ ብላ ቆመች። እንባዋ ይወርዳል፤ አትጠርገውም።

«ግቢ እንጂ ልጄ! ምግቡ ቀዘቀዘ» አለች እናቷ።

«ቆይ እማዬ፣ አባዬ ገና እየነፋ ነው።»