አጎቴ የሳታት ፍጹም ቅጣት ምት

ልጅ ሳለሁ ከእራት በኋላ አባቴ የሚነግረኝ ተረት አንበሳም ጦጣም አልነበረበትም፤ ድሮ ያለቀ የእግር ኳስ ውድድር ነበር። በወጣትነቱ የመካነ ሰላም ቡድን አምበል ስለነበር፣ ከወግዲ፣ ከአጅባርና ከወረኢሉ ጋር ያደረጉትን የአንድ ዓመት ጨዋታ ሁሉ ከነተሰላፊው በደብተር ጽፎ አስቀምጦታል። ያኔ መብራት ሲጠፋ ኩራዙን ያበራል፣ ማንደጃውን ወደ እግራችን ይስባል፣ የሉዶ ዳይስ ያወጣና ያን ውድድር ከመጀመሪያው ጀምረን እንደገና እናጫውተዋለን። አንድ ውርወራ አንድ ሙከራ ነው። ለሌላው ተጫዋች ጎል የሚሆነው ስድስት ብቻ ሲሆን፣ ለታናሽ ወንድሙ ለጌታቸው ግን አምስትም ይቆጠር ነበር።

«አባዬ፣ ለአጎቴ ታዳላለህ!»

«ዝም በይ፣ አንቺ! እሱ ሲመታ መቼ አየሽ? የወግዲ በረኛ ኳሷን ፍለጋ ገብስ ማሳ እንደገባ ይመሽበት ነበር።»

አጎቴን አላውቀውም። በዚያው ዓመት፣ ከወረኢሉ ጋር በተደረገው ፍጻሜ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ወደ ሰማይ ሰደደ። አልመታም ብሎ ነበር፤ ያስገደደው አባቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣ ቁጥር «ጌቾ፣ ኳሷ ወረደች?» እያሉ ሳቁበት። ብዙም ሳይቆይ በደሴ በኩል ወደ ዓረብ አገር ወጣ፤ በረሃ ላይ መቅረቱ ብቻ ተሰማ።

ስለዚህ አባቴ ፍጻሜው ላይ ስንደርስ ደብተሩን ይዘጋና ከመጀመሪያው ይጀምራል። አሥር ዓመት ሲሞላኝ ግን አንድ ምሽት ለምኜ እሺ አሰኘሁት።

«ሪጎሬ ነው፣ የጌታቸው ፍጹም ቅጣት ምት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳይሱ አንድ ካላወጣ በቀር ይገባል።»

ዓይኑን ጨፍኖ ወረወረ። በፍሙ ብርሃን አየሁት፤ አንድ ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ ዳይሱን በጣቴ ገለበጥኩት፤ ስድስት ሆነ።

«ገባ!» ብዬ ጮህኩ።

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ስድስቱን ነጥቦች ለረጅም ጊዜ አያቸው፤ ከዚያ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«አብሽር፣ አባዬ፣ አገባ እኮ!»

«አገባ» አለ ከጋቢው ውስጥ። «ታዲያ ለምን ሄደ?»

ከዚያ ወዲያ አልተጫወትንም። በየምሽቱ በግራ ክንፍ እየሮጠ ቤታችን ይመጣ የነበረው አጎቴ ያን ምሽት ለሁለተኛ ጊዜ ሄደ፤ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለእረፍት በተመለስኩ ቁጥር እውነቱን ልነግረው አስብና ዓይን አፋርነቴ ይይዘኛል። ባለፈው ዓመት አባቴ ታሞ በተኛበት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ።

«በፍጻሜው ቀን ኳሷን እኔ ራሴ ልመታት ይገባኝ ነበር» አለ።

በሳምንቱ ቀበርነው። እኔ ያኔ የማዝነው ለሳተችው ኳስ ነበር፤ እሱ ግን ሁልጊዜ የሚያዝነው «አልመታም» ላለው ወንድሙ ነበር። ይህንን በአሥር ዓመቴ ባውቅ ኖሮ ዳይሱን ትቼ እጁን እይዝ ነበር።